አልነሳ ያለችው ማዘር

እናቴ ኮምፒውተሯን በገዛ እጇ ገጣጥማ የጨረሰች ዕለት የሰባት ዓመት ልጅ ነበርኩ። ቀኑ ቅዳሜ ነው። ቅዳሜ መሆኑን የማልረሳው፣ ትምህርት ስለሌለ እስኪበቃኝ ተኝቼ ስነሳ ቤታችን ውስጥ ሰው ተገድሎ ስለጠበቀኝ ነው።

ከእናቴ ልጀምር። እናቴ ታይፒስት ነበረች። አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ አንድ መሥሪያ ቤት ምድር ቤት ተቀምጣ፣ ሌላ ሰው የሚፈርምበትን ደብዳቤ ስትመታ ኖራለች። ጣቶቿ ሥራ መፍታት አይችሉም፤ ቴሌቪዥን ፊት ስትቀመጥ እንኳ ዜና አንባቢው የሚለውን ጉልበቷ ላይ ትጽፈው ነበር። የመሥሪያ ቤቱ የጽሕፈት መኪናዎች እየተነሱ በኮምፒውተር ሲተኩ፣ እሷንም አብረው እንደሚያነሷት ጠረጠረችና ቀደመቻቸው። ማመልከቻዋን ራሷ ጽፋ፣ ራሷ ፈርማ ወጣች። "ጽፌ የፈረምኩበት የመጀመሪያው ደብዳቤ" ትለዋለች እስከ ዛሬ።

ቤት ውስጥ የራሷን የጽሕፈት ሥራ ልትከፍት ነው። ተገጣጥሞ ያለቀ ኮምፒውተር መግዛት ትችል ነበር። እሷ ግን የሦስት ወር ኮርስ ወስዳ፣ ዕቃዎቹን አንድ በአንድ ሰብስባ፣ ራሷ ልትሠራው ቆረጠች።

"ሆዱን ለማላውቀው ዕቃ ኑሮዬን አልሰጥም" አለች።

አባቴ የከተማ አውቶቡስ ሹፌር ነው። "እኔ የአውቶቡሱን ሆድ አይቼው አላውቅም። ይሄዳል፣ አብሬው እሄዳለሁ" አላት። "ተይ፣ የማትወጪው ነገር ውስጥ እየገባሽ ነው።"

"እወጣዋለሁ" አለችው።

አራተኛዋ የቤታችን ሰው ማዘር ናት፤ የአባቴ እናት። ባለሱቁም፣ ፖስተኛውም፣ እናቴም ሳትቀር ሁሉም ሰው ማዘር ነው የሚላት። ሌላ ስም እንዳላት የሰማሁት በጣም ዘግይቼ ነው። ቁመቷ ከእኔ ብዙም አይበልጥ፣ ድምጿ ግን ከቤቱ ይበልጥ ነበር። ከእናቴ ጋር እጅግ በጣም ይከባበራሉ። "ይቀመጡ ማዘር"፣ "አንቺ ተቀመጪ ልጄ" እየተባባሉ ሁለቱም ቆመው ይውላሉ። ዓርብ ማታ እናቴ ለኮምፒውተሩ ጠረጴዛ ቦታ ልትለቅ የማዘርን ባለመደገፊያ ወንበር ከመስኮቱ ሥር አንስታ ግድግዳ ጥግ ወሰደችው። ማዘር ምንም አላለችም። ማዘር ምንም አለማለቷ ያስፈራ ስለነበር፣ አባቴ ገና በጊዜ ተኝቻለሁ ብሎ ክፍሉ ገባ።

ቅዳሜ ጠዋት ስነቃ ማዘር አልጋዋ ላይ የለችም። አንድ ክፍል ነው የምንተኛው። አልጋዋ ተነጥፏል፤ የቤት ጫማዋ ከሥሩ ጎን ለጎን ቆሟል። የሳሎኑ በር ተዘግቷል፤ ከሥሩ ፎጣ ተወትፎበታል። ከበሩ ወዲያ የአጎቴ፣ የእናቴ ወንድም፣ ድምፅ ተሰማኝ።

"ሞታለች" አለ።

"እንደሱ አትበል!" አለች እናቴ።

"ማዘር ሞታለች እልሻለሁ! እስቲ ተመልከቻት። ትንፋሽ አላት? የለም። ድምፅ አላት? የለም። ነካኋት፤ ቅዝቅዝ ብላለች።"

ባለሁበት ደረቅኩ። ከዚያ እናቴ፣ ያቺ ዝንብ እንኳ በመስኮት አባብላ የምታስወጣ እናቴ፣ እንዲህ አለች፦

"እኔ ነኝ የገደልኳት።"

ዛሬ ኮምፒውተር ውስጥ ሁሉም ዕቃ የሚሰካበት ትልቅ ሰሌዳ እንዳለ፣ ስሙም ማዘርቦርድ እንደሚባል ማንም ያውቃል። አጎቴ የመኪና ኤሌክትሪሻን ነው፤ ሰው ሁሉ ፊውዝ ነው የሚለው። ረጅም ስም አይወድም። ማዘርቦርድ ማለት ገና በመጀመሪያው ቀን ሰለቸውና ቆርጦ "ማዘር" አላት፤ እናቴም ተከተለችው። ይህን ግን ያኔ ማን ነገረኝ?

እንዲያውም ያስደነገጠኝ መሞቷ ብቻ አልነበረም። አጎቴ ማዘርን በአንቱታ ነበር የሚያናግራት፤ "ማዘር፣ እንዴት አደሩ" ብሎ ጎንበስ ሳይል አያልፋትም። አሁን ግን "ሞታለች"፣ "ቅዝቅዝ ብላለች"። ሰው ሲሞት አንቱታውም አብሮት የሚወጣ መሰለኝ። ለማዘር ያለቀስኩት መጀመሪያ በዚህ ነው። እንዲህ አንቺ መባሏን ብትሰማ ኖሮ ትነሳ ነበር።

ጆሮዬን በሩ ላይ ለጠፍኩ።

"ስይዛት እጄ ላይ ቁንጥጥ አደረገኝ" ትላለች እናቴ። "ይሄን የሱፍ ሹራብ ለብሼ ነዋ! ኮርስ ላይ ደጋግመው ነግረውናል፤ ሹራብ ለብሳችሁ እንዳትነኳት፣ ሰውነታችሁ ላይ ያለው ኤሌክትሪክ ይገድላታል ብለውናል።"

ወንበሬ ላይ የተንጠለጠለውን የራሴን ሹራብ ዞር ብዬ አየሁት። ከዚያ በኋላ ለሁለት ሳምንት ያህል ሹራብ ለብሼ ማንንም አልሳምኩም።

"ባትሪዋን አውጥቼ ልመልሰው?" አለ ፊውዝ።

"ሁለቴ አወጣኸው እኮ።"

ማዘር ባትሪ እንዳላት አላውቅም ነበር። ግን ሲያስቡት ነገሩ ልክ ነው፤ ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ተነስቶ እስከ ማታ ሦስት ሰዓት ያለ ዕረፍት የሚናገር ሰው ያለ ባትሪ እንዴት ይችላል?

"መኪና ብትሆን ገፍተን እናስነሳት ነበር" አለ ፊውዝ።

"ፊውዝ፣ በናትህ፣ መኪና አይደለችም። ሰዓቱ ስንት ነው?"

"ሦስት ተኩል።"

"አለቀልኝ። አራት ሰዓት ላይ ይመጣሉ።"

"ሌላ ማዘር ብንገዛስ?"

"በግማሽ ሰዓት ከየት ትመጣለች? ብትገኝስ? ከዚህ ሣጥን ጋር ላትገጥም ትችላለች።"

"ለባልሽ ምን ልትይው ነው?"

"ምንም! ለእሱ አንዲት ቃል እንዳትተነፍስ። ቀድሞ ነግሮኛል፤ አሁን 'ብዬሽ ነበር' ነው የሚለኝ።"

አባቴም ያውቅ ነበር ማለት ነው! እናቱን እንደምትገድልበት እያወቀ ቁርሱን በልቶ ሥራ ይሄድ ነበር ማለት ነው!

በቁልፉ ቀዳዳ አጮለቅኩ። ፊውዝ ብሎን መፍቻ ይዞ ቆሟል። ጠረጴዛው ላይ በነጭ አንሶላ የተሸፈነ ነገር አለ። አጭር ነው። ማዘርም አጭር ናት፤ ግን ይሄ ከእሷም ያጥራል። ሰው ሲሞት ትንሽ የሚሰበሰብ መሰለኝ። አንሶላውን እናቴ ያለበሰችው አቧራ ፈርታ ነው። በሩ ሥር ፎጣ የወተፈችውም፣ ማንም እንዳይገባ የቆለፈችውም ለዚሁ ነው። ማዘር ደግሞ በዚያ ሰዓት ያዘዘችውን መነጽር ልትወስድ በአውቶቡስ ዓይን ክሊኒክ ሄዳለች፤ እኔ ተኝቼ ስለነበር አልሰማሁም።

ቁጭ ብዬ አሰብኩ። ማዘር አንዴ ሞታለች። እናቴን ደግሞ ሊወስዷት ነው፤ አራት ሰዓት ላይ "ይመጣሉ" የተባሉት ሌላ ማን ሊሆኑ ነው? ሁለቱንም በአንድ ቀን ማጣት አልፈለግኩም። ስለዚህ እናቴን ላድናት ወሰንኩ። ሰባት ዓመት የሞላው ሰው ሊያስብ ከሚችለው ሁሉ የከፋውን ዘዴ መረጥኩ። በጓሮ በር ወጣሁ።

ጓሮ ጎረቤታችን ልብስ ታሰጣለች። ይህቺን ሴት ሰፈሩ በሌለችበት "ሬዲዮ" ይላታል፤ ፊት ለፊት ግን እትዬ ነው የምንላት። ስታየኝ አፏ ውስጥ የልብስ መቆንጠጫ ይዛ ነበር።

"እትዬ" አልኳት፣ "ማዘር ሞታለች። እናቴ ግን አይደለችም የገደለቻት።"

መቆንጠጫው ከአፏ ወደቀ።

"ምን አልሽ አንቺ?"

"ማዘር ሞታለች። እናቴ ሹራብ ለብሳ አልነካቻትም።"

"የት ናቸው አሁን?"

"ጠረጴዛ ላይ። በአንሶላ ተሸፍናለች። ፊውዝ ባትሪዋን ሁለቴ አውጥቶ መለሰው፤ አልተነሳችም።"

እትዬ ሬዲዮ ከብዙ ዓመት በኋላ ስትምል፣ ስለ እናቴ ያልኩትን ጨርሶ አልሰማሁም ነው የምትለው፤ ልቧን የወሰደው ባትሪው ነው። "ልባቸው ላይ ባትሪ አስገብተው ኖሯል! ይሄን ሁሉ ዓመት ደብቀውን!" ብላ፣ ከመሞታቸው ይልቅ ሳይነግሯት መሞታቸው ቆጭቷታል። እርጥቡን አንሶላ መሬት ላይ ጥላ እጇን ጭንቅላቷ ላይ አድርጋ ጮኸች። አጥሩ ላይ የነበሩ ወፎች በሙሉ ተነሱ። ከዚያ እየሮጠች ቤቷ ገብታ ስልኩን አነሳች። መጀመሪያ የደወለችው አባቴ መሥሪያ ቤት ነው፤ አውቶቡስ የሚያሰማራው ክፍል።

ሳሎን ውስጥ ጩኸቱ ተሰምቷል። በጓሮ በር ተመልሼ ስገባ እናቴ "ሰፈር ውስጥ ሰው ሞተ መሰለኝ" ስትል ሰማኋት።

"እንጨርስና እንደርሳለን" አለ ፊውዝ። "እስቲ ያቺን ማብሪያ እንደገና ተጫኚያት።"

ጠቅ። ምንም የለም። ጠቅ። ምንም።

አሥር ደቂቃ አልሞላም፤ የፊት ለፊቱ በር ተንኳኳ፤ ቀጥሎ ተገፋ፤ ቀጥሎ ተከፈተ። መቆለፊያው የሰፈሩን ሴቶች ትከሻ አልቻለም። እትዬ ሬዲዮ ከፊት፣ ሌላው ከኋላ፣ ከነጫማቸው፣ ከነአቧራቸው ሳሎን ውስጥ ፈሰሱ፤ እኔም በጓሮ ዞሬ አብሬያቸው ገባሁ። እናቴ የሦስት ወር ኮርሷ በሙሉ ዓይኗ ላይ መጣባት።

"አቧራ!" ብላ ጮኸችና ሁለት እጇን ዘርግታ አንሶላው ላይ ተደፋች። "እንዳትነኳት! ማንም እንዳይነካት!"

ሴቶቹ ቀጥ አሉ። ምራት በአማቷ ላይ እንዲህ ስትደፋ አይተው አያውቁም።

"ለካ እንዲህ ይዋደዱ ኖሯል!" አለች አንዷ፣ እና በእውነት ማልቀስ ጀመረች።

እናቴ ቀና ስትል ቤቱ ሙሉ ለእሷ ሲያለቅስ አየች። እዚህ ላይ እናቴን ሁልጊዜ የምጠይቃት ነገር አለ፤ ሰው ለኮምፒውተር እንደማያለቅስ እንዴት ጠፋት? "ሌሊቱን በሐሳብ ስገላበጥ ነው ያደርኩት" ትለኛለች። "ሰው አዘነልኝ ብዬ ነው ያመንኩት። ደስ አለኝ እንጂ ምን ልበልሽ።"

"ሰማችሁ እንዴ?" አለቻቸው እንባዋ እየመጣ።

"እንዴት አንሰማ!" አለች እትዬ ሬዲዮ ትከሻዋን አቅፋ። "አይዞሽ፣ ዕድሜ ጠግበዋል።"

"የምን ዕድሜ? ሐሙስ ዕለት እኮ ነው ከካርቶን ያወጣኋት! አንድ ቀን እንኳ አልሠራሁባትም!"

ሴቶቹ ተያዩ። አንዷ ወደ ሌላዋ ጠጋ ብላ፣ "ሐዘኑ አናቷ ላይ ወጣ" ስትል እኔም ሰማሁ። ወዲያው ውኃ አምጡ ተባለ፤ አምስት ሴቶች ወደ አንዲት ጠባብ ኩሽና ገቡና በሩ ላይ ተጣበቁ።

አራት ሰዓት ከመሆኑ ሌላ ሰው በሩ ላይ ቆመ። ብድግ ብዬ የማዘር ወንበር ኋላ ተደበቅኩ፤ የትምህርት ቤታችን ርዕሰ መምህርት ናቸው። እናቴን ሊወስዱ የሚመጡት ፖሊሶች እንጂ እሳቸው ይሆናሉ ብዬ አላሰብኩም ነበር። ግን ከፖሊስ የሚያስፈሩ ሴት ስለነበሩ ብዙም አልገረመኝም። በብብታቸው የታሸገ ቡናማ ፖስታ ይዘዋል። ውስጡ የሦስት ክፍሎች የዓመቱ ማጠቃለያ ፈተና ነው። ማሽኑን በዓይናቸው አይተው፣ የሚሠራ ከሆነ ሥራውን ለእናቴ ሊሰጡ፣ ካልሆነ ወስደው ለሌላ ሊሰጡ ነው የመጡት። የእናቴ የመጀመሪያ ደንበኛ። እናቴ ሥራ ከለቀቀች ጀምሮ የምትጠብቃቸው እሳቸውን ነው።

ርዕሰ መምህርቷ የሚላቀሰውን ሰው አዩ፤ አንሶላውን አዩ፤ ፖስታውን ከኋላቸው ደበቁ።

"እግዚአብሔር ያጥናሽ" አሉ ዝግ ባለ ድምፅ። "አላወቅኩም ነበር። የእኔ ጉዳይ ሌላ ቦታም ይሠራል፤ ስለሱ አትጨነቂ።"

"ኧረ በፍጹም!" እናቴ ከአንሶላው ላይ ተነሳች። ፀጉሯ ተበትኗል። "ትነሳለች! አንድ ሰዓት ብቻ ይስጡኝ፣ አስነሳታለሁ! ወንድሜ በብሎን መፍቻ እየሞከረላት ነው!"

ርዕሰ መምህርቷ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ሄዱ። ፊውዝ ሰላምታ መስሎት ብሎን መፍቻውን ከፍ አድርጎ አሳያቸው። ሌላ እርምጃ ሄዱ።

በዚህ መሀል ነው ከውጭ የትልቅ መኪና ፍሬን የተሰማው። መንገዳችን ጠባብ ናት፤ ታክሲ እንኳ እየማለ ነው የሚገባባት። አሁን ግን የከተማ አውቶቡስ፣ ሙሉ አውቶቡስ፣ ከነተሳፋሪው ደጃችን ቆሟል። አባቴ ከመሪው ዘሎ ወርዶ እየሮጠ ገባ። ተሳፋሪዎቹ ተከተሉት፤ ዘንቢል የያዘ፣ ሕፃን ያዘለች፣ የትራስ ጥጥ በጆንያ የተሸከመ። ትኬት ቆራጯ ከፊት ሆና "የሹፌሩ እናት ናቸው፣ እናታቸው ናቸው" እያለች ለሕዝቡ ታስረዳለች።

አባቴ ሰው ከፍሎ ጠረጴዛው ጋ ደረሰ። አንሶላውን በሁለት እጁ ገለጠው።

ከሥሩ ሆዱ የተከፈተ የብረት ሣጥን አለ።

"እናቴ የት ናት?" አለ አባቴ።

"ክሊኒክ ናቸዋ" አለች እናቴ። "አንተ በሥራ ሰዓት ምን ትሠራለህ?"

"ሞታለች ተባልኩ!"

"ማን ነው እንደሱ ያለው?"

አባቴ ወደ ትኬት ቆራጯ አመለከተ። ትኬት ቆራጯ ወደ እትዬ ሬዲዮ። እትዬ ሬዲዮ ወንበሩ ኋላ ያለሁትን እኔን በጣቷ ጠቆመች። ሰው ሁሉ ዞረ። እኔ ደግሞ ምን ላድርግ? ወደ ፊውዝ ጠቆምኩ።

"አንተ ነህ ማዘር ሞታለች ያልከው!" አልኩት እያለቀስኩ። "እማዬ ደግሞ እኔ ነኝ የገደልኳት አለች! ሰምቻለሁ!"

ፊውዝ አፉን ከፍቶ እኔን አየ፤ አባቴን አየ፤ ቀስ ብሎም ብሎን መፍቻውን ወደ ሣጥኑ አዞረ።

"እቺን እኮ ነው ያልኩት" አለ። "እቺን ማዘር።"

እናቴ እጇን አፏ ላይ ጫነች። ቤቱን የሞላው ሰው ምን ሲያስብ እንደቆየ፣ እሷም ምን ስትላቸው እንደቆየች አንድ በአንድ ሲገባት ፊቷ ላይ አየሁት። ሐሙስ ከካርቶን ያወጣኋት፤ አንድ ቀን ያልሠራሁባት፤ በብሎን መፍቻ የማስነሳት።

"እስቲ አሳልፉኝ! አሳልፉኝ እባካችሁ!"

ድምጿን ያላወቀ የለም። ሰው ሁለት ቦታ ተከፈለ። ማዘር ገባች፤ ዓይኗ ላይ አዲስ መነጽር፣ ከመነጽሩ ሥር በልቅሶ ያበጠ ዓይን።

"ማን ነው የሞተው?" አለች።

እትዬ ሬዲዮ ጎንበስ ብላ በጓሮ በኩል ልትወጣ ስትል ኩሽናው በር ላይ ከተጣበቁት ጋር ተጣበቀች።

ነገሩ እንዲህ ነው። ማዘር መነጽሯን ተቀብላ ከክሊኒኩ ደጃፍ የመጣላትን አውቶቡስ በኋላ በር ተሳፍራለች፤ ሰው ስለበዛ ከኋላው ወንበር ላይ ተጣብቃለች። አባቴ በዚያ ቀን የታመመ ባልደረባውን መስመር ተክቶ እየነዳ ስለነበር ማን እንደሚነዳት አላወቀችም። ከሁለት ፌርማታ በኋላ አውቶቡሱ ቆመ፤ ትኬት ቆራጯ ወርዳ የስልክ መልእክት ተቀብላ ለሹፌሩ ነገረችው፤ ሹፌሩ እያለቀሰ ነው፣ እናቱ ሞታበት ነው ተባለ። ማዘር ከጎኗ ከነበረችው ሴት ጋር መንገዱን ሙሉ ስታለቅስለት መጣች። አውቶቡሱ መስመሩን ስቶ ወደ እኛ ሰፈር ሲታጠፍ "ለካ የእኛ ሰፈር ልጅ ነው ምስኪን" አለች። ደጃችን ሲቆም ግን ሐዘኗ ትንሽ ቀለል አላት፤ ቤቷ ድረስ ያደረሳት አውቶቡስ አጋጥሟት አያውቅም።

አባቴ ወለሉ ላይ ቁጭ አለ። ማዘር ዝቅ ብላ አየችው።

"አንተ ነህ እንዴ ሹፌሩ?"

አባቴ ራሱን ነቀነቀ።

"ያን ሁሉ እንባ ለአንተ ነው ያፈሰስኩት?" አለችና እጁን ያዘች። እጁን አልለቀቀችም። በዚያው እጇ እየጎተተች አስነሳችውና ወደ ሕዝቡ ዞረች። "እሺ። የሞተችውን ማዘር አሳዩኝ።"

ፊውዝ ፈራ ተባ እያለ አሳያት። ማዘር መነጽሯን አስተካክላ ሣጥኑ ውስጥ አንገቷን አስገባች። ከክሊኒኩ ከወጣች ጀምሮ አዲሱን መነጽር የምትሞክርበት ነገር ስታጣ ቆይታለች።

"ይቺ ቀጭን ሽቦ የምንድን ናት?"

"የማብሪያዋ ናት ማዘር" አለች እናቴ። "ሲጫኗት ተነሺ ብላ የምታዛት እሷ ናት።"

"ጫፏ ላይ ትንሽ ጽሑፍ አለ። እዚህ የተሰካችበት ሥር ደግሞ ሌላ ጽሑፍ አለ። አንድ አይደሉም።"

"ሥዕሉ ላይ ግን እዚያ ነው የሚለው" እናቴ መመሪያውን ዘርግታ አቀረበችላት።

ማዘር ወረቀቱን አየች። ሣጥኑን አየች። ወረቀቱን ተቀብላ አዙራ መለሰችላት።

"ልጄ፣ ገልብጠሽ ነው የያዝሽው።"

እናቴ ሽቦዋን ነቀለች፤ ከታች ካሉት ጥቃቅን መርፌዎች መካከል ትክክለኛዎቹን ቆጠረች፤ ሰካቻት። ሹራቧን ገና ጠዋት አውልቃዋለች። ርዕሰ መምህርቷ ሳያውቁት ሁለቱን እርምጃ ወደ ፊት ተመልሰው ነበር።

ጠቅ።

መጀመሪያ ትንፋሽ ተሰማ፤ ማራገቢያው ነው። ቀጥሎ አንዲት አጭር ጢጥ የሚል ድምፅ። ከዚያ ስክሪኑ ላይ ነጫጭ ፊደሎች መሮጥ ጀመሩ። ፊውዝ "ተነሳች!" ብሎ ጮኸ። ሊያለቅስ የመጣው ሰው ሁሉ አጨበጨበ። ጥጥ የተሸከመው ሰውዬ ማንን እንደሆነ ሳያውቅ ከፊውዝ ጋር ተቃቀፈ። አባቴ እናቴን አያት። "ብዬሽ ነበር" ይላታል ብዬ ስጠብቅ፣ ጠረጴዛው ላይ የወደቀውን የፀጉሯን ማስያዣ አንስቶ ሰጣት። ያኔ ተረትቶ ዝም ያለ መስሎኝ ነበር። በቀደም ስጠይቀው፣ ለግማሽ ሰዓት ያህል ሚስቴ እናቴን ገድላለች ብዬ ሳምን ስለቆየሁ አፍሬ ነው አለኝ። ትኬት ቆራጯ የእትዬ ሬዲዮን መልእክት ስትነግረው ምንም አላስቀረችም ነበር።

"ሹፌር፣ እኛስ?" አለ አንድ ተሳፋሪ በመጨረሻ።

"ቆይ" አለች ማዘር። ግድግዳ ጥግ የነበረውን ወንበሯን በገዛ እጇ ጎትታ ከጠረጴዛው ጎን አስጠግታ ተቀመጠችበት። "ማንም አይወጣም። ስለ እኔ እያለቀሳችሁ ስታወሩ ነበር አይደል? እስቲ ምን እንዳላችሁ አንድ በአንድ ንገሯት። ልጄ፣ አንቺ ጻፊው።"

እናቴ ቁልፎቹ ላይ ጣቶቿን አሳረፈች። ሰዎቹ መሬት መሬት ያያሉ።

"እ... ደግ ነበሩ" አለች እትዬ ሬዲዮ ከኩሽናው በር።

ጣቶቿ ተንቀሳቀሱ፤ ስክሪኑ ላይ "ደግ ነበሩ" የሚል ወጣ። ማዘር በአዲሱ መነጽር አነበበችው።

"ነበሩ?"

እናቴ አንዲት ቁልፍ ተጫነች። "ነበሩ" ከቀኝ ወደ ግራ ፊደል በፊደል እየተበላ ጠፋ፤ በቦታው "ናቸው" ገባ። ያልነበረ ያህል። ጭረት የለ፣ ነጭ ቀለም የለ።

"ስህተት እንዲህ ነው የሚጠፋው?" አሉ ርዕሰ መምህርቷ፤ እንደተማሪ ጠጋ ብለው።

"እንዲህ ነው" አለች እናቴ።

ርዕሰ መምህርቷ ቡናማውን ፖስታ ከኋላቸው አውጥተው ጠረጴዛው ላይ አኖሩት።

በዚያ ቀን እናቴና ማዘር መዋደድ ጀመሩ ብዬ ለብዙ ዓመት አምን ነበር። እናቴ ትስቅብኛለች። "ማዘር በሩ ላይ ስትቆም ሳያት ደስ ያለኝ፣ ያን ሁሉ ሰው ከቤቴ የምታስወጣልኝ እሷ ብቻ ስለሆነች ነው" ትላለች። ሆኖም ማዘር ከዚያ ወንበር አልተነሳችም። ሰኞ ዕለት ፈተናው ሲጻፍ ጎን ተቀምጣ አራት ስህተት አገኘች፤ አንዱ መምህሩ ራሱ የሠራው ነው። ከዚያ በኋላ እናቴ የጻፈችው ምንም ወረቀት ማዘር ሳታነበው ከቤት ወጥቶ አያውቅም። "ይቀመጡ ማዘር"፣ "አንቺ ተቀመጪ" ቀረ፤ በቦታው "ነጥብ ረስተሻል"፣ "አልረሳሁም"፣ "መነጽር ልስጥሽ?" መጣ። አሥራ አንድ ዓመት እንዲህ ተጨቃጨቁ።

ማዘር ያረፈች ዕለት አባቴ ለቀብሩ የሕይወት ታሪኳን ጻፊ ብሎ እናቴን ለመናት። እናቴ ያንን የቅዳሜውን ፋይል ከፈተችው። ኮምፒውተሩ ከዚያ ወዲህ ሦስቴ ተቀይሯል፤ ፋይሉን ግን ከአንዱ ወደ አንዱ ስታሻግረው ኖራለች። ጎኗ ቆሜ ነበር። ደግ ናቸው። ድምፃቸው ትልቅ ነው። ትንሽ ነገረኛ ናቸው፤ ይሄኛው የእትዬ ሬዲዮ ነው፣ ማዘር ራሷ "ትንሽ" የሚለውን አስጨምራበታለች።

እናቴ "ናቸው" ላይ ደረሰች፤ ያቺ የምታጠፋዋ ቁልፍ ላይ ጣቷን አሳረፈች። ጠበቅኩ። ጣቷ አልተጫነም።

"ጻፊዋ እንጂ" አላት አባቴ ከበሩ ላይ ሆኖ፣ ቀስ ብሎ።

እናቴ ፋይሉን ዘጋችውና አዲስ ባዶ ገጽ ከፈተች።

"ይሄን ሌላ ቦታ እጽፈዋለሁ" አለች። "ያኛውን እሷ አርማ ጨርሳዋለች።"